ዋስ የሌለው ቲኬት፦ የቴአትር መግቢያ ዳግም ሽያጭ ታሪክና ለዛሬ ገዢ የሚሰጠው ትምህርት

በኢትዮጵያ የገጠር ገበያዎች በሬ ወይም በቅሎ የሚገዛ ሰው፣ የእንስሳውን ጥርስ አይቶና ጀርባውን ዳስሶ በዋጋ ከተስማማ በኋላ እንኳ፣ ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት ሻጩን «ዋስ ጥራ» ማለቱ የቆየ ልማድ ነው። ዋሱ የሚፈለገው እንስሳው የተሰረቀ ሆኖ እውነተኛው ባለቤት ነገ ቢመጣ፣ ቤቱ የሚታወቅና ሊጠየቅ የሚችል ሰው እንዲኖር ነው። ገዢው በሬውን ያያል፤ በሬው ከየት እንደመጣ ግን አያይም። ዋስ የተፈጠረው ለዚህ ለማይታየው ነገር ነው።

የቴአትር ቲኬት ከበሬም ይልቅ ዋስ የሚያሻው ሸቀጥ ነው። በሬ ቢያንስ ቆሞ ይታያል። ቲኬት ግን ገና ስላልታየ ትርኢት፣ ገና ስላልተቀመጡበት ወንበርና ገና ስላልመጣ ምሽት የተሰጠ ቃል ነው። መጋረጃው ከተገለጠ በኋላ ዋጋው ያከትማል፤ ሐሰተኛ መሆኑ የሚታወቀውም አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻዋ ሰዓት፣ በቴአትር ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። ዛሬ ከአዲስ አበባ፣ ከናይሮቢ ወይም ከጂቡቲ ተነሥቶ ለንደን ወይም ኒው ዮርክ የሚገኙ ዘመዶቹን ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው፣ ስሙ የገነነ ትርኢት ለማየት ሲያስብ ቲኬቱ ተሸጦ አልቋል ይባላል። ወዲያውም ኢንተርኔት ላይ «ጥቂት ብቻ ቀርቷል» የሚሉ ሻጮች ከፊቱ ይደረደራሉ። እነዚህ ሻጮች እነማን ናቸው? ቲኬቱንስ ከየት አገኙት? ወንበሩን ያላገኘ ሰው ማንን ይጠይቃል?

ጥያቄዎቹ የኢንተርኔት ዘመን ጥያቄዎች ይምሰሉ እንጂ ዕድሜያቸው ከዚያ እጅግ ይረዝማል። ታሪካቸውን መለስ ብሎ መመልከት ለዛሬ ገዢ ከብዙ ማስጠንቀቂያ ይልቅ ይጠቅመዋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን እንዲያስታውሱልን እንሻለን።

ከወረቀት በፊት

በጥንታዊቷ አቴና የዲዮኒሶስ ቴአትር መግቢያ 2 ኦቦል ነበር። ከተማዪቱ ይህን መክፈል ለሚሳናቸው ዜጎች ከመንግሥት ግምጃ ቤት የምትረዳበት የተለየ ገንዘብ ነበራት። ነገር ግን እዚያም ቢሆን በሰው መግቢያ የሚነግድ ብልጣ ብልጥ አልጠፋም። የአርስጣጣሊስ ደቀ መዝሙር የነበረው ቴዎፍራስጦስ የሰዎችን ጠባይ በዘረዘረበት ድርሰቱ፣ ስለ ዓይን አውጣ ሰው ሲጽፍ የሚያነሣው አንድ ምሳሌ አለ። ይህ ሰው ለባዕዳን እንግዶቹ የቴአትር ቦታ ይገዛላቸዋል፤ የራሱን ድርሻ ሳይከፍል አብሮ ገብቶ ያያል፤ በማግሥቱ ደግሞ ልጆቹንና ሞግዚታቸውን ይዞ ይመጣል። ከ2300 ዓመታት በፊት የተጻፈ ቢሆንም የሚያሳየን ነገር የታወቀ ነው። ከተማውን የማያውቅ እንግዳ፣ ቦታ ገዝቶ በሚሰጠው የአገሬው ሰው እጅ ላይ ይወድቃል።

በ1599 ለንደን ውስጥ የተሠራው ግሎብ ቴአትር ዳግም ሽያጭን ፈጽሞ የማይመች ሥርዐት ነበረው። ተመልካቹ በበሩ ላይ ለቆመው ገንዘብ ተቀባይ 1 ፔኒ ሰጥቶ ይገባና በአደባባዩ ቆሞ ያያል፤ በሰገነቱ መቀመጥ ቢፈልግ ሌላ ፔኒ ይጨምራል። የተቈጠረ ወንበር የለም፤ አስቀድሞ የሚያዝ ቦታም የለም። ገንዘቡና መግቢያው በአንድ ቅጽበት ስለሚለዋወጡ በመካከል የሚገባ ደላላ ሥፍራ አያገኝም ነበር።

ደላላው ሥፍራ ያገኘው ቦታን አስቀድሞ መያዝ ሲጀመር ነው። በ18ኛው ምዕት ዓመት የለንደን ባለጸጎች አሽከሮቻቸውን ከትርኢቱ በፊት ልከው በሎጁ ውስጥ ቦታ ያስይዙ ነበር። አሽከሩ ጌታው እስኪመጣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ጌታው ሲደርስም ተነሥቶ ወደ ላይኛው ሰገነት በነፃ ይወጣል። በ1737 የድሩሪ ሌን ቴአትር ይህን የነፃ መግቢያ ሲከለክል አሽከሮቹ ሁከት አስነሥተዋል። በዚያ ሥርዐት ሕያው ቲኬቱ አሽከሩ ራሱ ነበር ለማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ አሽከሩ በወረቀት ተተካ፤ ወረቀት ደግሞ ጌታ አይመርጥም፤ ለያዘው ሁሉ ያገለግላል።

ክፍተቱ የተፈጠረበት ምክንያት

ቲኬት ለምን ከመስኮቱ ዋጋ በላይ ይሸጣል? መልሱን ከ1809 የለንደን ታሪክ ማግኘት ይቻላል። የኮቨንት ጋርደን ቴአትር በ1808 በእሳት ከወደመ በኋላ በብዙ ወጪ ታንጾ በመስከረም 1809 ተከፈተ። አስተዳዳሪው ጆን ፊሊፕ ኬምብል ወጪውን ለመሸፈን የሎጁን ዋጋ ከ6 ሽልንግ ወደ 7፣ ከመድረኩ ፊት ያለውን ወለል ደግሞ ከ3 ሽልንግ ከ6 ፔኒ ወደ 4 ሽልንግ ከፍ አደረገ። ሕዝቡ ግን «የቀድሞው ዋጋ ይመለስ» እያለ በጩኸት፣ በጥሩንባና በዱላ ድብደባ ትርኢቱን ለ3 ወራት ያህል ሲያውክ ቈየ። በመጨረሻ የወለሉ ዋጋ ወደ ነበረበት ተመለሰ፤ ኬምብልም ይቅርታ ጠየቀ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ቁም ነገር አለ። የቴአትር ዋጋ የገበያ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ሕዝቡ የፍትሕ ጉዳይ አድርጎ ይመለከተዋል። ስለዚህ ቴአትር ቤቶች እጅግ የተወደደ ትርኢት ሲኖራቸው እንኳ፣ ባለጸጋው ሊከፍል ከሚችለው በታች መሸጥን ይመርጣሉ። በመስኮቱ ዋጋና ባለጸጋው ሊከፍል በሚፈቅደው ዋጋ መካከል ክፍተት ይፈጠራል። ያ ክፍተት የአየር በአየር ነጋዴው እንጀራ ነው። በለንደን ይህን ሥራ በጨዋ መልኩ የያዙት በቦንድ ጎዳና አካባቢ የነበሩ መጻሕፍት አከራዮች ነበሩ፤ ለደንበኞቻቸው ልብ ወለድ ከማከራየት ጋር የኦፔራና የቴአትር ሎጅ እየገዙ ትርፍ ጨምረው ይሸጡ ነበር። እነዚህ ነጋዴዎች ሱቃቸው የታወቀ፣ ስማቸው በደጃፋቸው የተጻፈ ነውና ገዢው ዋጋው ቢወደድበትም ዋስ ነበረው።

ቲኬት ንብረት ነው ወይስ ፈቃድ?

በ1845 የእንግሊዝ ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ በዚህ ነገር ላይ ለረጅም ዘመን ጥላውን ጥሏል። አንድ ሰው በዶንካስተር ከተማ ለሚደረገው የፈረስ እሽቅድምድም የተመልካች ቦታ ቲኬት ገዝቶ ከገባ በኋላ ውጣ ተባለ፤ እምቢ ሲል በኃይል አስወጡት። ሰውየው ክስ መሠረተ፤ ተረታም። ፍርድ ቤቱ ቲኬት የመሬት ወይም የወንበር ባለቤትነት የማይሰጥ፣ ባለቦታው ሊያነሣው የሚችል ፈቃድ ነው ሲል ፈረደ። ከ70 ዓመት ገደማ በኋላ የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ ከፍሎ ሳለ አልከፈልክም ተብሎ ከለንደን ሲኒማ ቤት ለተባረረ ተመልካች ካሳ በመፍረድ ነገሩን አለዝቦታል። ይሁን እንጂ መሠረቱ አልተናወጠም። ቲኬት በገዢውና በቤቱ መካከል የተደረገ ውል ነው።

ይህ ለዛሬው አንባቢ የሩቅ አገር የሕግ ወሬ አይደለም። ከሦስተኛ ወገን የገዛ ሰው ከቴአትር ቤቱ ጋር በቀጥታ የተዋዋለው ነገር የለም። ቤቱ በውሉ ላይ «ለሌላ አይተላለፍም» ብሎ ጽፎ ከሆነ፣ ቲኬቱ እውነተኛ ቢሆንም እንኳ ያዡን ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ በዳግም ሽያጭ ሁለት የተለያዩ አደጋዎች አሉ፤ አንደኛው ሐሰተኛ ቲኬት መግዛት ነው፤ ሁለተኛው እውነተኛ ሆኖ ሳለ ለአንተ የማይሠራ ቲኬት መግዛት ነው። ብዙ ሰው የሚጠነቀቀው ለመጀመሪያው ብቻ ነው።

የዲክንስ ሰልፍ

የአየር በአየር ንግዱ በግልጽ አደባባይ የወጣው በአሜሪካ ነው። በ1850 ትርኢት አቅራቢው ፒ. ቲ. ባርነም ስዊድናዊቷን ዘፋኝ ጄኒ ሊንድን ኒው ዮርክ ሲያስመጣ፣ የመጀመሪያውን ምሽት ቲኬቶች በጨረታ ሸጠ። የመጀመሪያውን ቲኬት ጆን ጄኒን የተባለ ባርኔጣ ሻጭ በ225 ዶላር ገዛው፤ ስሙም በአንድ ቀን በአገሩ ጋዜጣ ሁሉ ተነሣ። ባርነም ያደረገው ነገር ቀላል ነው፤ ነጋዴው ሊበላው የነበረውን ክፍተት ራሱ በላው።

ከ17 ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ ድርሰቶቹን በመድረክ ለማንበብ አሜሪካ ሲመጣ ግን ሌላ መንገድ ተከተለ። የቲኬቱን ዋጋ በ2 ዶላር ወሰነ። በቦስተንና በኒው ዮርክ ሕዝቡ ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ በክረምቱ ብርድ ፍራሽና ብርድ ልብስ ይዞ ተሰለፈ። ከተሰለፉት መካከል ብዙዎቹ የነጋዴዎች ቅጥረኞች ነበሩ። ተራ አንባቢው መስኮቱ ዘንድ ሲደርስ መልካም መልካሙ ወንበር አልቆ፣ ያው ቲኬት በመንገድ ዳር በብዙ እጥፍ ይሸጥ ነበር። ሕዝቡና ጋዜጦች ቍጣቸውን ያወረዱት ግን በነጋዴዎቹ ላይ ሳይሆን በዲክንስ ሥራ አስኪያጅ በጆርጅ ዶልቢ ላይ ነበር። ዋጋ ዝቅ ማድረግ ብቻውን ተራውን ሰው እንደማይጠቅም፣ ዝቅ ያለው ዋጋ በማን እጅ እንደሚገባ የሚቈጣጠር ከሌለ ትርፉ የነጋዴው እንደሚሆን ያ ክረምት በግልጽ አሳይቷል።

እነዚህን ነጋዴዎች አሜሪካኖች «ስካልፐር» ይሏቸዋል፤ የራስ ቆዳ ገፋፊ እንደማለት ነው። ስሙ በ19ኛው ምዕት ዓመት ከባቡር ንግድ የመጣ ነው። ያልተሠራበትን የባቡር ቲኬት ቅሪት እየገዙ የሚሸጡ ደላሎች በዚህ ስም ይጠሩ ነበርና ወደ ቴአትሩም ተሻገረ።

ፍርድ ቤቱና 50 ሳንቲም

የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ነገሩን በሕግ ለመግታት በ1922 ሞክሯል። ሕጉ ማንም ደላላ ቲኬትን በላዩ ከታተመው ዋጋ ከ50 ሳንቲም በላይ ጨምሮ እንዳይሸጥ ይከለክል ነበር። ታይሰንና ወንድሙ የተባለው የቲኬት ድርጅት ሕጉን ተቃውሞ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1927 ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ ሕጉን ሻረው። የአብላጫዎቹ ዳኞች ሐሳብ ቴአትር እንደ ባቡር ወይም እንደ ውሃ የሕዝብ አገልግሎት ስላልሆነ መንግሥት ዋጋውን ሊወስን አይችልም የሚል ነበር። ውሳኔው በኋለኛው ዘመን ኃይሉን ቢያጣና ኒው ዮርክም የዋጋ ገደቡን መልሳ ብታወጣ፣ በ2007 ገደቡን ራሷ አንሥታለች።

በ2007 መነሣቱ በአጋጣሚ አልነበረም፤ ንግዱ ከመንገድ ዳር ተነሥቶ ወደ ኮምፒውተር ገብቶ ነበርና። በኒው ዮርክ ሕግ የተወሰነን ዋጋ በሌላ ግዛት ወይም በሌላ አገር በተቀመጠ ሻጭ ላይ ማስከበር እጅግ አስቸጋሪ ሆኗል።

ሰልፉ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ

ቲኬትማስተር በ1976 በአሪዞና ሲመሠረት ዓላማው ቲኬትን በኮምፒውተር መሸጥ ነበር። በ2000 ስተብሃብ በሳን ፍራንሲስኮ፣ በ2006 ደግሞ ቪያጎጎ በለንደን ተቋቋሙ። የሁለቱ ሥራ አንድ ዓይነት ነው፤ ራሳቸው ቲኬት አይሸጡም፤ ቲኬት አለኝ የሚልን ሻጭ ከገዢ ጋር ያገናኛሉ፤ ከሁለቱም ወገን ክፍያ ይወስዳሉ። ኢቤይ ስተብሃብን በ2007 በ310 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ በ2020 ቪያጎጎ ከኢቤይ የወሰደው በ4.05 ቢሊዮን ዶላር ነው። በ13 ዓመት ውስጥ ዋጋው ከ13 እጥፍ በላይ ማደጉ ክፍተቱ ምን ያህል እንደሰፋ ይናገራል።

የዲክንስ ዘመን ቅጥረኛ ሰልፈኞችም በኮምፒውተር ተተኩ። «ቦት» የሚባለው ፕሮግራም በሺህ የሚቈጠር ሰው መስሎ በአንድ ጊዜ ወደ መሸጫው ይገባና፣ ሰው ስሙን ጽፎ ሳይጨርስ ምርጡን ወንበር ይለቅማል። በ2010 በኒው ጀርዚ ክስ የቀረበባቸው ሰዎች በዚህ ዘዴ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቲኬቶች በመግዛት ከ25 ሚሊዮን ዶላር በላይ አትርፈዋል ተብለው ተከስሰዋል።

በነሐሴ 2015 ብሮድዌይ የወጣው «ሃሚልተን» የተባለው ሙዚቃዊ ቴአትር ነገሩን ወደ ሕግ አውጪዎች አደረሰው። ደራሲው ሊን-ማኑኤል ሚራንዳ በ2016 በጋዜጣ ላይ ቦቶችን አውግዞ ጻፈ። የቴአትሩ አዘጋጆች ደግሞ በዚያው ዓመት የምርጥ ወንበሮችን ዋጋ ወደ 849 ዶላር ከፍ አድርገው፣ በአንጻሩ በእያንዳንዱ ትርኢት 46 ወንበሮችን በ10 ዶላር በዕጣ እንዲሸጡ ወሰኑ። የባርነምና የዲክንስ መንገድ በአንድ ቤት ውስጥ ተገናኙ ማለት ነው። በታኅሣሥ 2016 የአሜሪካ መንግሥት ቦትን የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሕጉ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራበት ግን ከ4 ዓመት በኋላ በጥር 2021፣ በኒው ዮርክ በሚገኙ 3 የቲኬት ነጋዴዎች ላይ ነው። የተፈረደባቸው ቅጣት ከ31 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቢሆንም፣ መክፈል ባለመቻላቸው የተጠየቁት 3.7 ሚሊዮን ብቻ ነበር።

የሌለ ወንበር ሽያጭ

ኢንተርኔት ከቀደመው ዘመን ሁሉ የባሰ አንድ ነገር አምጥቷል። የመንገድ ዳር ነጋዴ ቢያንስ ቲኬቱን በእጁ ይዞ ነበር የሚሸጠው። የድረ ገጽ ነጋዴ ግን ገና ያልገዛውን ቲኬት ሊሸጥ ይችላል። «አለኝ» ብሎ በውድ ዋጋ ይለጥፋል፤ ገዢ ሲመጣለት ርካሽ ፈልጎ ለመግዛት ይሮጣል፤ ካገኘ ያተርፋል፤ ካላገኘ ይሰርዛል ወይም ይጠፋል። ገዢው በዚህ መካከል የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪውን ከፍሎ ጨርሷል። በየካቲት 2020 በእንግሊዝ የሊድስ ፍርድ ቤት በሁለት የቲኬት ነጋዴዎች ላይ የ4 ዓመትና የ2 ዓመት ተኩል እስራት ሲፈርድ፣ ከጥፋታቸው መካከል አንዱ በእጃቸው ያልገባውን ቲኬት መሸጣቸው ነበር።

ሕግም ቀስ እያለ ተከትሏል። በብሪታንያ የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ ዳግም ሻጭ የወንበሩን ቦታ፣ በቲኬቱ ላይ የታተመውን ዋጋና ቲኬቱ ያለበትን ገደብ እንዲናገር ያስገድዳል። አየርላንድ በ2021 ባወጣችው ሕግ ለተመረጡ ትርኢቶችና ሥፍራዎች ከመጀመሪያው ዋጋ በላይ መሸጥን ከልክላለች። በግንቦት 2025 ሥራ ላይ የዋለው የአሜሪካ ደንብ ሻጩ ልዩ ልዩ ክፍያዎችን ደብቆ በመጨረሻ ከመደመር ይልቅ ጠቅላላውን ዋጋ ከመጀመሪያው እንዲያሳይ ያዛል። በኅዳር 2025 ደግሞ የብሪታንያ መንግሥት ከመጀመሪያው ዋጋ በላይ ዳግም መሸጥን ለመከልከል ማቀዱን አስታውቋል።

ቴአትር ቤቶቹም ወደ ግሎብ ዘመን ሥርዐት በሌላ መንገድ ተመልሰዋል ማለት ይቻላል። «ሃሚልተን» በታኅሣሥ 2017 ለንደን ሲከፈት ተመልካቹ የከፈለበትን ካርድና መታወቂያውን ይዞ በመቅረብ በበሩ ላይ እንዲገባ ተደረገ፤ አስቀድሞ በእጅ የሚገባ ወረቀት አልነበረም። ቲኬትማስተር በ2019 ያስተዋወቀው የስልክ ቲኬት ደግሞ ባርኮዱ በየጥቂት ሴኮንዱ ስለሚለዋወጥ፣ በፎቶ ተነሥቶ የተላከ ምስል በበሩ ላይ አይሠራም። ገንዘቡን፣ ስሙንና በሩን መልሶ ማገናኘት የእነዚህ ሁሉ ዘዴዎች ዓላማ ነው።

ለዛሬ ገዢ

ከላይ የተረክነው ታሪክ ለገዢ የሚያቀብለው ምክር በአንድ ጥያቄ ይጠቃለላል፤ ዋሱ ማን ነው?

የመጀመሪያው እርምጃ ወደ ቴአትር ቤቱ ወደ ራሱ መሄድ ነው። ኢንተርኔት ላይ የትርኢቱን ስም ሲጽፉ በላይ የሚወጣው መልስ ብዙ ጊዜ የተከፈለበት ማስታወቂያ ነው፤ የቴአትር ቤቱን ስም አስመስለው የተሠሩ ድረ ገጾችም አሉ። ስለዚህ የቤቱን እውነተኛ አድራሻ አረጋግጦ «ተሸጦ አልቋል» መባሉን ከባለቤቱ አፍ መስማት ይገባል። ሳይሸጥ የተረፈ ወንበር ያለው ትርኢት በዳግም ሻጮች ዘንድ በእጥፍ ዋጋ ተለጥፎ መገኘቱ የተለመደ ነው። ብዙ ቤቶች ደግሞ ገዢዎች የመለሱትን ቲኬት በራሳቸው መስኮት በመጀመሪያው ዋጋ ይሸጣሉ፤ ወይም ዳግም ሽያጩ የሚካሄድበትን መንገድ ራሳቸው ይሰይማሉ። በብሪታንያ በ1997 የተመሠረተው የቲኬት ወኪሎችና ቸርቻሪዎች ማኅበር፣ በምሕጻሩ «ስታር»፣ አባላቱን በስም ስለሚዘረዝር ወኪሉን ከዚያ ማረጋገጥ ይቻላል።

ሁለተኛው እርምጃ የቲኬቱን ሁኔታ መጠየቅ ነው። ሻጩ የረድፉንና የወንበሩን ቍጥር ካልተናገረ፣ ምናልባት ወንበሩ የለውም። ቲኬቱ በስም የታሰረ መሆኑን፣ መታወቂያ የሚጠየቅበት መሆኑንና ለሌላ ሊተላለፍ መቻሉን ከቴአትር ቤቱ ደንብ ላይ ማንበብ ያሻል። የሚተላለፍ ከሆነም ዝውውሩ በመሸጫው ሥርዐት አማካይነት በገዢው በራሱ ስምና ስልክ ላይ መፈጸም ይገባዋል። በስልክ የተላከ የቲኬት ፎቶ ለዐሥር ሰው ሊላክ የሚችል ነው፤ ቀድሞ የደረሰው ይገባል፤ የቀሩት ይመለሳሉ።

ሦስተኛው እርምጃ የአከፋፈሉ ነው። በ1974 ብሪታንያም አሜሪካም የብድር ካርድ ተጠቃሚን የሚጠብቁ ሕጎች አውጥተዋል። በብሪታንያው ሕግ ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይና እስከ 30,000 ፓውንድ ለሆነ ዕቃ ወይም አገልግሎት፣ ሻጩ ውሉን ቢያፈርስ ካርዱን የሰጠው ባንክም አብሮ ይጠየቃል፤ በመካከል አገናኝ ሲገባ ግን ይህ ጥበቃ ሊላላ ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። በአሜሪካው ሕግ ባለካርዱ የሒሳብ መግለጫው ከተላከለት በ60 ቀን ውስጥ አቤቱታውን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል፤ ስለዚህ ገና 6 ወር ለቀረው ትርኢት ዛሬ የሚከፍል ሰው ጊዜው ሊያልፍበት እንደሚችል ይወቅ። ባንኩ በዚህ ሥርዐት የገዢው ዋስ ነው።

በእኛ አካባቢ ይህን ለይቶ ማወቅ የበለጠ ያስፈልጋል። ኤም-ፔሳ በ2007 በኬንያ፣ ቴሌብር በ2021 በኢትዮጵያ ከተጀመሩ ወዲህ ብዙ ሰው ክፍያን በስልኩ መፈጸም ለምዷል። ለማይታወቅ ሰው በስልክ የተላከ ገንዘብ ግን በእጅ እንደተሰጠ ጥሬ ገንዘብ ነው፤ ሰውየው ካወጣው በኋላ ለማስመለስ እጅግ ያስቸግራል። በውጭ አገር ላለ ዘመድ ገንዘብ ልኮ ዘመዱ ደግሞ ለማያውቀው ሻጭ በባንክ እንዲያስተላልፍ ማድረግም አደጋው ያው ነው። ይልቁንስ ዘመዱ በራሱ ካርድ በቀጥታ ከቤቱ እንዲገዛ፣ መግቢያው ላይም አብሮ እንዲገኝ ቢደረግ የካርዱም የመታወቂያውም ጥያቄ አብሮ ይፈታል። «ካርድ አልቀበልም፤ ዛሬውኑ በሐዋላ ላክ» የሚል ሻጭ ሲገጥም፣ በገበያው ውስጥ ዋስ ጥራ ሲባል ፊቱን እንደሚያዞር ሻጭ መቍጠር ነው።

አራተኛው እርምጃ አለመቸኰል ነው። በገጹ ላይ የሚቈጥረው ሰዓትና «ይህን ወንበር 20 ሰዎች እያዩት ነው» የሚለው ጽሑፍ ገዢው እንዳያስብ የሚደረጉ ናቸው። የዲክንስ አንባቢ በብርድ ውስጥ ተሰልፎ ሲያበቃ ከነጋዴው የገዛው ድካሙ ከንቱ እንዳይቀርበት በመስጋት ነበር። የዛሬው ገዢም ጉዞውን ስለወሰነ ብቻ የተጠየቀውን ይከፍላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን መለወጥ ይጠቅማል፤ ቲኬቱ በስሙ ከመግባቱ በፊት የአውሮፕላንና የሆቴል ገንዘብ ባይከፍል ይመረጣል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለአንድ ምሽት ትርኢት የተጋነነ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በዚህ ንግድ የሚጎዳው ማን እንደሆነ እናስብ። የለንደን ነዋሪ ቢጭበረበር ነገ ተመልሶ ይከራከራል፤ ሌላ ምሽትም ያያል። ከሩቅ የመጣው ሰው ግን ምናልባት በዕድሜው አንድ ጊዜ የሚያገኛትን ምሽት ያጣል፤ ለአቤቱታ የሚቈይበት ቀንም የለውም። ቴዎፍራስጦስ ከጠቀሳቸው ባዕዳን እንግዶች ጀምሮ ይህ ንግድ የሚኖረው አገሩን በማያውቅ ሰው ላይ ነው።

ቴአትር ወዳድ ሁሉ ደጋግሞ ያያቸውን ሥራዎች ከስማቸው ገናንነት ይልቅ ባደረሱበት ስሜት ያስታውሳቸዋል። ዋሱ ያልተገኘለትን ቲኬት የተወ ሰው ምሽቱን አላጣም። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ሰዓት፣ መስኮታቸው ተከፍቶ በታተመ ዋጋ ወንበር የሚሸጡ ሌሎች ቴአትር ቤቶች አሉ፤ በእነርሱም መድረክ ላይ ተዋንያን ተመልካች ይጠብቃሉ።